ክሬኑ የቆመ ዕለት

አያልነሽ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር ውስጥ በሚሠራ አንድ ረጅም ሕንፃ ላይ የታወር ክሬን ኦፕሬተር ነበረች። ጠዋት የምሳ ዕቃዋንና ውኃዋን በጀርባዋ አዝላ በብረት መሰላሉ ትወጣለች። መንገድ ላይ ሦስት አራት ቦታ ቆማ ትንፋሿን ትሰበስባለች፤ ከዚያ ዙሪያዋን መስታወት የሆነች፣ ከአልጋ የማትሰፋ ክፍል ውስጥ ገብታ በሩን ትዘጋለች። እስከ ማታ ድረስ የሚያያት የለም። ታች ያሉት ሠራተኞች ቀና ቢሉ የሚታያቸው የክሬኑ ክንድና መንጠቆው ነው። አዲስ የገቡ የቀን ሠራተኞች ክሬኑን የምትነዳው ሴት መሆኗን የሚያውቁት ከሰነበቱ በኋላ፣ ያውም በሬዲዮ መገናኛው ድምጿን ሲሰሙ ነበር።

ሙያውን የጀመረችው አዲስ አበባ ነው። አቃቂ፣ አንድ የብረት ፋብሪካ ውስጥ ጣሪያ ሥር በሐዲድ የሚመላለስ ክሬን ትነዳ ነበር። ባሏን ባንታየሁንም ያገኘችው እዚያው ነው፤ በያጅ ነበር። ናይሮቢ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ወርክሾፕ የከፈተ የአገር ሰው ለሥራ ሲጠራው ተከትላው መጣች። ወርክሾፑ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። ባንታየሁ እዚህም እዚያም እየበየደ፣ እሷም የታወር ክሬን ሥልጠና ወስዳ ኑሯቸውን ተያያዙት። ልጅ አልወለዱም። ካዋንግዋሬ ቤት ተከራይተው፣ እሁድ እሁድ አብረው ቸርች እየሄዱ፣ ብዙ ሰው ሳያስፈልጋቸው ኖሩ። ከዚያ ባንታየሁ ኩላሊቱን ታመመና ሞተ።

የሞተ ሰሞን ቤቷ ሰው ሞልቶት ነበር። የቸርች ሰዎች እየተፈራረቁ አብረዋት አደሩ፤ ምግብ አመጡ፤ ዘመሩ፤ ጸለዩ። ከዚያ ሁሉም ወደየጉዳዩ ተመለሰ። ገሚሱ በስደተኝነት ጉዳዩ ተሳክቶለት ሌላ አገር ሄደ፣ ገሚሱም አገር ቤት ገባ። እሷም የሥራ ሰዓቷ ከሰው አልገጥም አላት። ከማንም አልተጣላችም። ሰው ቀስ እያለ ቀነሰባት፣ በቃ።

ክሬኑ ላይ ግን የሬዲዮው ወሬ ነበረላት። ታች ጭነት የሚያስሩት ልጆች "ፖሌ ፖሌ ማማ" እያሉ ቀስ እንድትል ይመሯታል። አንድ ነገር ሊያስነሷት ሲሉ "ይቺማ ቀላል ናት" ብለው ያባብሏታል፤ እሷ ክሬኑ ሲያቃስት በእግሯ ሥር እየተሰማት "ቀላል ከሆነች አንተው ተሸከማታ" ትላለች፤ ይስቃሉ። ስዋሂሊዋ ስብርብር ያለ ቢሆንም ለዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ይበቃ ነበር።

ይህ የተለወጠው ኩባንያው ገመድ አልባ የጭነት መቆጣጠሪያ ሲያስገባ ነው። መንጠቆው ላይ ክብደት የሚለካ መሣሪያ፣ የክንዱ ጫፍ ላይ ደግሞ የነፋስ መለኪያ ተገጠመ። ሁለቱም የለኩትን በአየር ሞገድ እሷ ፊት ወደ ተሰቀለው ስክሪን ይልካሉ። ጭነቱ ከሚገባው በላይ ሲሆን መሣሪያው ይጮኻል፤ ካልተሰማ ክሬኑን ራሱ ያቆመዋል። ክንዱ ጭነት ይዞ ከአጥሩ ወዲያ ባለው የሕፃናት ትምህርት ቤት ላይ እንዳያልፍም ድንበር ተሰመረለት። አያልነሽ ወደደችው። ግምት ቀርቶላት እፎይ አለች። የሴፍቲ ኃላፊው ኪፕሮኖ ግን በዚያው ሰሞን ሬዲዮ ላይ ከሥራ ውጪ ምንም እንዳይወራ አዘዘ። ልጆቹም ታዘዙ። ክብደቱን ስክሪኑ ስለሚነግራት የሚጠይቃትም የምትጠይቀውም አልነበረም። "አንሺ"፣ "አቁሚ"፣ "አውርጂ" ብቻ ሆነ።

መሣሪያውን ልትገጥም የመጣችው ቴክኒሻን ራጃ የምትባል ወጣት ነበረች። ፀጉሯን በሻርፕ ሸፍና፣ በላዩ የሥራ ቆብ አድርጋ፣ ቀበቶዋ ላይ መፍቻ ደርድራ ወጣችና በእንግሊዝኛ ታስረዳት ጀመር። አያልነሽ የስክሪኑን መስቀያ ይዛላት ሳለ ጣቷን ብረት ቆነጠጣት።

"ውይ እናቴን" አለች።

ራጃ መፍቻዋን አወረደችና አየቻት። "ሐበሻ ነሽ እንዴ? ታዲያ ለምን ዝም ትይኛለሽ፣ እኔ እዚህ በእንግሊዝኛ የምለፋው!"

የራጃ አባት አብደላ የሞያሌ ሰው ሲሆን ኢስትሌይ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አለው። እሷ የተወለደችው እዚያው ኢስትሌይ ነው። አማርኛዋ ከእናቷ የወሰደችው ነው፤ በየመካከሉ እንግሊዝኛና ስዋሂሊ ጣል ጣል ታደርግበታለች። "እትዬ፣ ሲግናሉ ከጠፋ ሲስተሙ ሎክ ያደርጋል፤ ዞሮ መሄድም ወደ ላይ ማንሳትም አይቻልም፤ ማውረድ ብቻ። ፓኒክ እንዳታደርጊ፣ እሺ፣ ሳዋ?" አለቻት። አያልነሽ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ራጃ መሣሪያውን ልትፈትሽ ብቅ ባለች ቁጥር ትንሽ ያወራሉ። ብቅ የምትለው ግን በየስንት ጊዜው ነው።

ጠዋት ጠዋት አያልነሽ በቋሚነት የምታየው አንድ ሰው የበር ጥበቃውን ነበር። ሽማግሌ ናቸው፤ ሁሉም "ምዜ ገብርኤል" ይሏቸዋል። በስዋሂሊ አዛውንት ማለት ነው፤ አያልነሽ ግን መጀመሪያ ስትሰማ "ሚዜ" መስሏት የማን ሚዜ እንደሆኑ ግራ ገብቷት ነበር። ስልክ ይዞ ክሬን ላይ መውጣት ክልክል ስለሆነ ስልኳን እሳቸው ዘንድ ታስቀምጣለች። "ሀባሪ ያ አሱቡሂ"፣ እንደምን አደርሽ፣ ይሏታል፤ "ንዙሪ"፣ ደህና፣ ብላ ታልፋለች። እሳቸውም ለሚገቡና ለሚወጡ የጭነት መኪናዎች በር ስለሚከፍቱ ወገባቸው ላይ ሬዲዮ ነበራቸው። ዓመት ሙሉ በዚህ ኖሩ።

ክሬኑ የቆመው የዝናቡ ወራት ሲጀምር፣ ከሰዓት በኋላ ነው። አያልነሽ አንድ እስር ፌሮ አንስታ ወደ ላይኛው ወለል እያዞረች ነበር። ስክሪኑ ላይ የክብደቱ ቁጥር ጠፋና ሰረዝ ብቻ ሆነ። ቀይ መብራት በራ። ክንዱ ቀስ ብሎ ቆመ። መዘውሩን ወደ ግራ ብትገፋም፣ ወደ ቀኝ ብትገፋም ፍንክች አላለም።

ፌሮው የተንጠለጠለው በመንገዱ በኩል ነው። ከሥሩ አርማታ ያልተሞላባቸው ዓምዶች ፌሮ ወደ ላይ ተቀስሮ፣ ዙሪያውን የእንጨት ፎርም ቆሟል። ማውረድ ይቻል ነበር፤ ግን እዚያ ላይ ብታወርደው ፎርሙን ሰባብሮ ወደ መንገዱ ይወርዳል። ኪፕሮኖ ሠራተኞቹን ከሥሩ አስወጣ፣ መንገዱንም በሁለት በኩል አዘጋ። መቆለፊያውን የሚያልፈው ቁልፍ ያለው በመሣሪያው ኩባንያ ቴክኒሻን እጅ ብቻ ነው። ራጃ ደግሞ ያን ቀን ከከተማው ማዶ፣ ጊጊሪ ነበረች።

"ማማ፣ ካለሽበት እንዳትነሺ" አላት ኪፕሮኖ በሬዲዮ።

"የት እሄዳለሁ?" አለች። ጭነት አንጠልጥሎ ክፍሉን ለቅቆ መውረድ እንደማይፈቀድ እሱም እሷም ያውቃሉ።

በንጎንግ ኮረብታ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ነፋሱ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰማው ክሬኑ ነው፤ ክፍሉ በዝግታ መወዛወዝ ጀመረ። እስሩ ፌሮ ገመዱ ላይ ወዲህና ወዲያ ይዞራል። ነፋሱ ሲበረታ ክሬን ክንዱ ተለቅቆ እንደ ነፋሱ መዞር አለበት፤ ያን የሚከለክለው ደግሞ ጭነቱ ነው። አያልነሽ ይህን እያሰበች ዓይኗን ከገመዱ አልነቀለችም። ኪፕሮኖ ለሚጠይቃት ሁሉ "እሺ"፣ "እሺ" ትላለች እንጂ ድምጿ ይቆራረጥ ነበር። እሱም ልብ አለ። ራጃ ጋ ደውሎ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አደረገና ከሬዲዮው ጋር አጠጋው።

"ራጃ ናት፤ በቋንቋችሁ አውሩ" አላት በእንግሊዝኛ። "ሌሎቻችሁ ይህን መስመር እንዳትነኩ።"

የሞተር ድምፅ ተሰማ። ራጃ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ ቦዳ ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ሳይክል ላይ ወጥታ ነበር።

"እትዬ አያል፣ እኔ ነኝ። እየመጣሁ ነው። ስክሪኑ ምን ይላል?"

"ክብደቱ ጋ ሰረዝ ነው። ነፋሱ ይሠራል።"

"ኦኬ። መንጠቆው ላይ ያለው ነው ማለት ነው ሲግናሉን ያጣው። እንደዚህ ሲሆን ይቁም ተብሎ ነው የተሠራው። አልተበላሸም፣ እየጠበቀሽ ነው። ገባሽ?"

"ገባኝ።"

የሞተሩ ድምፅ ብቻ ይሰማል።

"እትዬ፣ አውሪኝ" አለች ራጃ። "ዝም ስትይ እኔም እፈራለሁ።"

"ምን ላውራሽ?"

"የመጣልሽን።"

አያልነሽ ቁልቁል አየች። የቆመው መኪና፣ ጃንጥላ የዘረጋች በቆሎ ሻጭ፣ ከአጥር ወዲያ የትምህርት ቤቱ የተንጠለጠለ ባለ ጎማ መጫወቻ። ከዚያ ሳታስበው ስለ ባንታየሁ ጀመረች።

"ባለቤቴ ያረፈው እኔ እንዲህ ላይ ሳለሁ ነው" አለች። "ሌላ ሳይት ነበርኩ ያኔ። ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ ጠዋት ቀለል ብሎኛል፣ ሥራሽ ሂጂ አለኝ። ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ አርማታ ሳነሳ ዋልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር እኮ፣ ቀለል ስላለው። ስልኬ ታች ዕቃ ቤት ውስጥ ነበር። ስወርድ ሲጠራ ነው የደረስኩት፤ ሲደወልልኝ ነው የዋለው።"

ከሬዲዮው የሞተር ሳይክሉ ጡሩምባ ተሰማ።

"የቸርች ሰዎች እንዴት ሞተ ሲሉኝ በሰላም አልኳቸው። ሁሉም እግዚአብሔር ይመስገን አሉ። እኔ ግን አላየሁትማ ራጃ። በሰላም ይሁን በምን፣ እኔ አላየሁትም። ነርሷ ስምሽን ሲጠራ ነበር አለችኝ። እውነቷን ይሁን፣ ደስ ይበላት ብላ ይሁን አላውቅም። ተመልሼ ልጠይቃት ሁለት ጊዜ ከበሩ ደርሼ ተመልሻለሁ።"

"እትዬ..."

"ቤት ስገባ ለሁለት ሰው ነበር የምሠራው፤ መተው አቃተኝ። በኋላ ራት መሥራቱንም ተውኩት። ዳቦ በሻይ እበላለሁ። አንድ ቀን ዝም ብዬ ስቆጥረው፣ ከዓርብ ማታ ጀምሮ ቃል ሳልናገር ሰኞ ደርሻለሁ። ሰኞ ጠዋት እዚህ ወጥቼ ሬዲዮው ላይ 'ዝግጁ ነኝ' ስል ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።" የመስታወቱን ጭጋግ በእጇ ጠረገች። "ሥራውን ስለምወደው አይምሰልሽ እዚህ የምውለው። እዚህ ብቻዬን ብሆን ማንም ለምን ብሎ አይጠይቀኝም። ታች ብቻዬን ስሆን ነው የሚከብደኝ።"

ነፋሱ በረታ። ፌሮው ተወዛወዘ፤ ክፍሉ ተንቀጠቀጠና ተመለሰ። አያልነሽ መቀመጫዋን ጨበጠች።

"አብሽሪ እትዬ" አለች ራጃ፤ ድምጿ በነፋሱ ውስጥ ይቆራረጣል። "አብሽሪ። ዌስትላንድስን አልፌያለሁ። ቀጥይ፣ እየሰማሁሽ ነው።"

ቀጠለች። ባንታየሁ ሲበይድ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ እንደሚረሳው፣ ቤት ገብቶም እንደዚያው ሆኖ ራት እንደሚበላ፣ መቃብሩ ላንጋታ እንደሆነና ብቻዋን መሄድ ከብዷት ካየችው እንደቆየች አወራች። ሁለት ዓመት ያላወራችውን ነው ያወራችው። ከራጃ በቀር የሚሰማት መኖሩ ትዝ አላላትም። ቢሰማስ ማን ይገባዋል?

ራጃ ስትደርስ ዝናቡ ማካፋት ጀምሮ ነበር። የደኅንነት ቀበቶዋን አስራ መሰላሉን ያዘች። ስትወጣ አያልነሽ ከላይ እያየቻት ነበር፤ በየመድረኩ ቆማ ዓይኗን ትጨፍናለች። ክፍሉ በር ላይ ስትደርስ ከንፈሯ ነጥቷል።

"በነፋስ ወጥቼ አላውቅም" አለች። "ለአባዬ እንዳትነግሪ።"

ቦታው ለሁለት ሰው አይበቃም። ራጃ አያልነሽ እግር ሥር ቁጢጥ ብላ ሳጥኑን ከፈተች፣ ቁልፉን አስገባች፣ ከኪፕሮኖ ጋር በሬዲዮ ተነጋግራ አዞረችው። ቀዩ መብራት ቢጫ ሆነ። አያልነሽ ነፋሱ ጋብ እስኪል ጠበቀች። ከዚያ ክንዱን እንደ ጥላ ቀስ አድርጋ አዞረችው። ስክሪኑ ክብደቱን አይነግራትም፤ ኪፕሮኖ ከታች "ትንሽ፣ ትንሽ፣ በቃ" እያለ መራት። ፌሮው ግቢው ውስጥ መሬት ሲነካ ገመዱ ላላ። የራጃ ራስ አያልነሽ ጉልበት ላይ አርፎ ነበር።

በኋላ መንጠቆው ሲፈተሽ የመሣሪያው ባትሪ ክዳን ላልቶ ውኃ ገብቶበት ተገኘ። ራጃ ቀየረችውና ሌሎቹን ክዳኖች ሁሉ ታጠብቅ ገባች። አያልነሽ ልብሷ ርሶ ስልኳን ልትወስድ ወደ በሩ ሄደች።

ምዜ ገብርኤል ከወንበራቸው ተነሥተው ቆመው ነበር። ቆባቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

"እግዜር ያጥናሽ፣ እህቴ" አሉ።

"አሜን" አለች፤ ከአፏ የወጣው ሳታስበው ነው። እጇን ለስልኩ ዘርግታ ነበር። ከዚያ የሰማችው በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ገባትና እጇ እንደተዘረጋ ቀረ።

"ምን አሉኝ?"

"ሬዲዮው ክፍት ነበር" አሉ ሽማግሌው። ቃላቱን አንድ አንድ እያሉ፣ እንደሚያዳልጥ መሬት እየረገጡ ነው የሚያወጧቸው። "ሰማሁሽ። ልዘጋው ብዬ... እጄ እምቢ አለኝ።"

አያልነሽ ፊቷ ጋለ። የተናገረችው ሁሉ፣ ዳቦው፣ ነርሷ፣ ከዓርብ እስከ ሰኞ ያለው ዝምታ፣ እዚህ በር ላይ የቆሙ ሰው ጆሮ ውስጥ ገብቷል። ደግሞም ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ "ሀባሪ" እያሉ ያሳለፏት ሰው። ስልኳን ተቀበለችና በዝናቡ ወጣች።

ለተወሰኑ ቀናት ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ትታ ሳታያቸው ታልፍ ነበር። እሳቸውም በአማርኛም በስዋሂሊም ምንም አይሏትም፤ ብድግ ብለው ይቀመጣሉ ብቻ። አንድ ጠዋት፣ ነፋስ ነው ተብሎ ሥራው ሲዘገይ፣ ሄዳ ፊታቸው ቆመች።

"ለምንድን ነው እንደዚህ ያደረጉኝ?" አለች። "አንድ ቀን እንኳ 'እንደምን አደርሽ' ቢሉኝ ምን ነበረበት?"

ሽማግሌው ወንበራቸውን ለቀቁላትና እሳቸው ብሎኬት ላይ ተቀመጡ።

"ስሜ ገብሬ ነው" አሉ። "ገብርኤል እዚህ የወጣልኝ ነው።"

ወታደር ነበሩ። መንግሥት በተለወጠ ጊዜ፣ በሰማንያ ሦስት፣ ከነዩኒፎርማቸው በሞያሌ በኩል ኬንያ ገቡ። መጀመሪያ አገራቸውን የደበቁት ከፍርሃት ነው። በኋላ ዋንጂሩ የምትባል የኪኩዩ ሴት አገቡ፤ ቤቱ ውስጥ የሚነገረው የእሷ ቋንቋ ሆነ። ሴት ልጅ ወለዱ። ፍርሃቱ ሄዶ ልማዱ ቀረ። ዋንጂሩ ሞተች፣ ልጃቸው ናኩሩ አግብታ ሄደች፤ ያኔ ገብሬ አማርኛቸውን ቢፈልጉት አልሞላ አላቸው።

"አንቺ ስትመጪ፣ ስልክ ስታወሪ ሰምቼ አወቅሁ" አሉ። "ነገ እናገራለሁ እላለሁ። ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ የምልሽን እለማመዳለሁ። አንድ ቀን ማንኪያ የሚለው ቃል ጠፋኝ። ማንኪያ! ምሳዬ ቀዘቀዘ። እንደ ሕፃን ስኮላተፍ ብትሰሚኝ ምን ትይኛለሽ ብዬ አፈርኩ። እንዲህ እያልኩ ዓመት ሆነ።"

"ታዲያ ያን ቀን እንዴት ተናገሩ?"

ገብሬ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አዟዟሩት።

"ለቅሶ በስዋሂሊ መድረስ አይሆንልኝም" አሉ።

አያልነሽ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ቁጣዋ ወዴት እንደሄደ አላወቀችውም። ከቴርሞሱ ሻይ ቀዱላት፤ ጠጣች። ኪፕሮኖ በሬዲዮ እስኪጠራት ድረስ አልተነሣችም።

በሳምንቱ ገብሬ የዕረፍት ቀናቸውን ከእሷ ጋር አገጣጠሙና ላንጋታ አብረው ሄዱ። ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ታክሲ ነው የሄዱት፤ መንገዱን ሙሉ እሳቸው መስኮት እያዩ የሚያዩትን ዕቃ ሁሉ በአማርኛ ይጠሩ ነበር፤ ሲሳሳቱ ታርማቸዋለች። መቃብሩ ሣር ወርሶታል። አያልነሽ ለመንቀል ጎንበስ ስትል ገብሬ ቀደሟት። ጉልበታቸው እንደሚያማቸው ታውቅ ነበርና "ይተዉት ጋሼ" አለች። አልሰሟትም። ነቅለው ሲጨርሱ በወግ ተነሥተው ቆሙና "ወንድሜ፣ ሳላውቅህ ቀረሁ" አሉ። አያልነሽ ያን ቀን አለቀሰች። ባንታየሁ ከተቀበረ ወዲህ ሰው ባለበት ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ትንሽ ትቆያለች። ወሬያቸው ብዙ አልነበረም። እሷ ስለ ዝናቡ፣ እሳቸው ስለ ልጃቸው። አንዳንዴ ቃል ይጠፋቸውና በእጃቸው ያሳይዋታል፤ እሷ ትነግራቸዋለች፤ ደግመው ይሉታል። ራጃ ሞምባሳ ወደብ ላይ ያሉ ክሬኖችን እንድትከታተል ተመድባ ሄደች። ከዚያ ሆና አልፎ አልፎ የድምፅ መልእክት ትልካለች፤ ነፋሱ ይሰማል፣ መርከብ ይሰማል፣ ከመካከሉ የእሷ ሳቅ።

ሕንፃው ሲያልቅ ክሬኑ ተፈታ። ክንዱ በቁራጭ በቁራጭ ወርዶ ጭነት መኪና ላይ ሲደረደር አያልነሽና ገብሬ በሩ ላይ ቆመው አዩ። ገብሬ የጉልበት ሕመማቸው ብሶባቸው ነበር፤ ልጃቸው መጥታ ወደ ናኩሩ ልትወስዳቸው ሆነ። አያልነሽ እስከ መኪና ተራው ድረስ ሸኘቻቸው። ልጅዬዋ አማርኛ አታውቅም፤ አባቷ ከአንዲት ሴት ጋር በማታውቀው ቋንቋ ሲነጋገሩ ዓይኗን ከአንዱ ወደ ሌላው እያመላለሰች ታያቸው ነበር።

"ምን እያላችሁ ነው?" ብላ ጠየቀቻቸው በስዋሂሊ።

"ምንም" አሉ ገብሬ። "ደህና ሁኚ ነው ያልኳት። ብዙ ዓይነት አለው በኛ ቋንቋ።"

መኪናው ሞላና ሄደ። አያልነሽ ትንሽ ቆማ፣ መንገዱን ተሻግራ ወደ ቤቷ የሚወስዳትን ማታቱ ያዘች።

አሁን ፓርክላንድስ ሌላ ሕንፃ ላይ ትሠራለች። ክሬኑ አዲስ ነው፤ ከአጠገቡ ሌላ ክሬን ስላለ ሁለቱ ክንዶች እንዳይጋጩ መሣሪያዎቹ እርስ በርስ መልእክት ይለዋወጣሉ፤ ሲቀራረቡ አንዱ ቀስ ይላል። የዚያኛውን ክሬን ኦፕሬተር በመስታወት ውስጥ ታየዋለች፤ ፊቱን ግን አትለየውም። ምሳ ሰዓት ላይ እሱም እንደሷ ዕቃውን ከፍቶ ብቻውን ይበላል። አንዳንድ ቀን እጁን ያነሳል፤ እሷም ታነሳለች። ጋሼ ገብሬ ከናኩሩ ሲደውሉ አጭር ነው፤ ዝናብ ጣለ ወይ፣ ጤናሽ እንዴት ነው ይሏታል። ከዚያ ሁለቱም የሚሉት ያጣሉ፤ ስልኩን ግን ቶሎ አይዘጉትም። በእሳቸው በኩል የልጅ ልጆች ሲሯሯጡ ይሰማል። በእሷ በኩል ምንም አይሰማም።